ለሰው የሚሮጥ መሪ ለራሱም ጤና ጊዜ ይስጥ

እንደሚታወቀው የማህበረሰባችን ቄሶች፣ ሽማግሌዎችና መጋሽሮች ሥራ ሰዓት የለውም። ጠዋት የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከቢቱዋህ ለኡሚ የመጣ ደብዳቤ ለሰው ያስረዳሉ፤ ማታ ደግሞ ከነታንያ እስከ ቤርሼባ ለልቅሶ ይሄዳሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ለራሳቸው በኩፓት ሆሊም የያዙትን ቶር «ዛሬ ሰው ይጠብቀኛል» እያሉ ያሳልፉታል። መሪ ሲታመም የሚጎዳው እርሱና ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን በእርሱ የሚተማመነው ሁሉ ነው።

የዮቶር ምክር

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 እንደተጻፈው፣ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ይዳኝ ነበር። አማቱ ዮቶር ይህን አይቶ፣ አሠራሩ ሙሴንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነገረው። የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾምና ከባዱን ጉዳይ ብቻ ለራሱ እንዲያስቀር መከረው። ሙሴም ምክሩን ተቀበለ። አባቶቻችንም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ።

ስኳርና ደም ግፊት

በጎንደርና በትግራይ ገጠር ሰው ወደ እርሻ፣ ወደ ገበያና ወደ ወንዝ በእግሩ ይሄድ ነበር። እዚህ በአውቶቡስ እንሄዳለን፣ ብዙ እንቀመጣለን፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ እናበዛለን። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከኢትዮጵያ ስንመጣ እምብዛም ያልነበረው የስኳር በሽታ በአገሩ በቆየንበት ዘመን ልክ ጨምሯል። ስኳርም ሆነ ደም ግፊት ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ልብን ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም «ምንም አላመመኝም» ማለት ጤነኛ ነኝ ማለት አይደለም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

1. ቶርን እንደ ሽምግልና ቀጠሮ ማክበር። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዞ መሄድ። ቋንቋ ከከበደ በትንሽ ልጅ ከማስተርጎም ይልቅ አስተርጓሚ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ።

2. በየቤቱ የሚቀርበውን መጠጥ ማስተዋል። ሽማግሌ በአንድ ቀን ሦስት ቤት ገብቶ በየቤቱ ስኳር የበዛበት ቡናና ጭማቂ ከጠጣ ብዙ ስኳር ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ውሃ ይበቃኛል» ማለት ነውር አይደለም።

3. በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል በእግር መሄድ። ምክር የሚፈልግ ሰው ካለ እየተራመዱ መነጋገርም ይቻላል።

4. ከጾም በፊት ሐኪም ማማከር። በአስተሰርዮና በስግድ ቀን ቄሶችና ሽማግሌዎች በጾም ለረጅም ሰዓት ይቆማሉ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ከበዓሉ አስቀድሞ መጾም ይችል እንደሆነና መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍስን ማዳን ከጾም ይቀድማል።

5. የስልክ ሰዓት መወሰን። ማታ ለእንቅልፍ ስልክ መዝጋት የሚቻለው ተራ የሚቀበል ሌላ ሽማግሌ ሲኖር ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ሳምንቱን መከፋፈል ይጠቅማል።

የልብ ሸክም

መሪ የሰው ምስጢርና ሐዘን ይሰማል፤ የሰማውን ግን ለማንም መናገር አይችልም። ይህ እየተከማቸ ሲሄድ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያናድዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። የባለጉዳዩን ስም ሳይጠሩ የራስን ድካም ከታመነ ሽማግሌ ጋር መነጋገር ምስጢር ማውጣት አይደለም። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ለቤተሰብ ሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

የቤተሰብና የሕዝቡ ድርሻ

ልጆች ሆይ፣ ስልኩን አንሥታችሁ «አባባ ተኝተዋል፣ ነገ ይደውሉ» ማለት አባታችሁን መጠበቅ ነው። እኛም ባለጉዳዮች እስከ ነገ ሊቆይ የሚችለውን ነገር በሌሊት ይዘን አንሂድ። ሰንበት ለሁሉም የተሰጠ ዕረፍት ስለሆነ ለሽማግሌውም ዕረፍት ይሁንለት።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ያሳለፋችሁት ቶር ካለ በዚህ ሳምንት ደውላችሁ አዲስ ቶር ያዙ። ጤና ይስጥልን።