ስለ ዚምባብዌ የተጾመው ጾም

የረሃብ አድማ ማለት አንድ ሰው ወይም ቡድን ጥያቄው እስኪመለስለት ድረስ ምግብ አልቀምስም ብሎ በገዛ አካሉ የሚያካሂደው ተቃውሞ ሲሆን፣ ከሥጋው በቀር ሌላ መሟገቻ ያልቀረለት እስረኛ ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል። የአጋርነት ጾም ግን ከዚህ ይለያል፤ ጿሚው በነፃነት የሚኖር፣ ማዕዱ ያልጎደለበት፣ በግፈኛው መንግሥት እጅ ያልወደቀ ሰው በመሆኑ፣ ጾሙ ማንን ሊያስጨንቅ ይችላል የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። ማህተመ ጋንዲ ጾም ሊሠራ የሚችለው ጿሚውን በሚወድና በሚያከብር ሰው ላይ እንጂ በጨቋኝ ላይ እንዳልሆነ ያስተምሩ ነበር። ይህ አባባል እውነት ከሆነ፣ ስለ ተጨቆነ ሕዝብ የሚጾም ሰው ጾሙን የሚያቀርበው ለጨቋኙ ሳይሆን ዝም ብሎ ለሚመለከተው ጎረቤት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ ስለ ዚምባብዌ የተጾመው ጾም ይህንኑ በግልጽ ያሳያል።

ማርች 29 ቀን 2008 በተካሄደው የዚምባብዌ ምርጫ የተቃዋሚው መሪ ሞርጋን ቻንጊራይ 47.9 ከመቶ፣ ከ1980 ጀምሮ አገሪቱን የመሩት ሮበርት ሙጋቤ 43.2 ከመቶ ድምፅ ማግኘታቸው የተገለጸው ከአንድ ወር በላይ ከዘገየ በኋላ ነበር። ለጁን 27 በተቀጠረው ሁለተኛ ዙር ዋዜማ ድብደባውና ግድያው ስለበረታ ቻንጊራይ ከውድድሩ ወጡ፤ በሴፕቴምበር በወቅቱ የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በነበሩት በታቦ ምቤኪ ሸምጋይነት የሥልጣን ክፍፍል ስምምነት ቢፈረምም፣ የትኛውን ሚኒስቴር ማን ይያዝ በሚል ክርክር ወራት ባከኑ። በእነዚያው ወራት የውኃና የፍሳሽ መስመሮቻቸው በፈራረሱ ከተሞች የተነሣው ኮሌራ ከ4,000 በላይ ሰዎችን ፈጀ፣ ማዕከላዊ ባንኩ የ100 ትሪሊዮን የዚምባብዌ ዶላር ኖት አሳተመ፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብም የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቿ ጀስቲና ሙኮኮ ዲሴምበር 3 ቀን ጎሕ ሳይቀድ በሌሊት ልብሳቸው፣ በባዶ እግራቸው፣ መነጽራቸውን እንኳ ሳያነሡ ከቤታቸው ተወሰዱ፤ ለሳምንታት የት እንደገቡ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ውስጥ እግራቸውን እንደተገረፉና በጠጠር ላይ እንደተንበረከኩ በኋላ ለፍርድ ቤት አስረዱ።

በዚህ ጊዜ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2009፣ «ዚምባብዌን አሁኑኑ እናድን» የተባለው ዘመቻ በጆሃንስበርግ ተጀመረ። በወጣትነታቸው አፓርታይድን ታግለው የተሰደዱት ኩሚ ናይዱ ለ21 ቀናት ከውኃ በቀር ምንም ላለመቅመስ ተነሡ፤ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በሳምንት አንድ ቀን ለመጾም ቃል ገቡ፤ የሞዛምቢክ የቀድሞ ቀዳማዊት እመቤት ግራሳ ማሼልም ከዘመቻው ጎን ቆሙ። በውኃ ብቻ የሚኖር ሰው በጉበቱ ያጠራቀመው ስኳር በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ያልቅና ሰውነቱ ስቡንና ጡንቻውን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከሳምንታት በኋላ ጾሙን ሲፈታም እንደ ልቡ ቢበላ በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት በድንገት ተዛብተው ልቡን ሊያቆሙት ስለሚችሉ፣ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ መለማመድ ይኖርበታል። የናይዱ ተራ ሲያበቃ ጾሙን ሌሎች እንደ ዱላ ቅብብል ተቀበሉት።

ርሃብ ለጠናበት ሕዝብ ሌላው ቢራብለት ምን ይጠቅመዋል የሚል ትችት ተገቢ ነው፤ ጾመኛው በፈለገ ጊዜ ጾሙን መፍታት ይችላል፣ ረሃብተኛው ግን አይችልም። ይሁን እንጂ ዘመቻው የተነሣው በረሃብተኛው ፋንታ ለመራብ አልነበረም። የተነሣው ደቡብ አፍሪካ ለዓመታት የተከተለችውን «ጸጥተኛ ዲፕሎማሲ»፣ ማለትም ጎረቤት መንግሥትን በአደባባይ ሳይነቅፉ በዝግ በር ማግባባትን፣ ለመገዳደር ነበር። የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብን (ሳድክን) በወቅቱ በሊቀመንበርነት የመሩት የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ካሌማ ሞትላንቴ ራሳቸው በአፓርታይድ ዘመን የሮበን ደሴት እስረኛ የነበሩ ናቸው፤ በ1989 በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ያለ ክስ የታሰሩ ሰዎች በረሃብ አድማ፣ ቱቱን ጨምሮ የሃይማኖት አባቶች ደግሞ ከሕግና ሥርዓት ሚኒስትሩ ጋር በመደራደር፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞችን ያስፈቱት በዚያችው አገር ነው። ስለሆነም ጾሙ የተላከው ትርጉሙን ጠንቅቀው ለሚያውቁ ሰዎች ነበር፣ ወቀሳውም የከበደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። በደርግ ዘመን ለተፈጸመው የጅምላ ፍጅት ጥፋተኛ የተባሉት፣ በሜይ 2008 በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ከ1991 ጀምሮ በሐራሬ በሙጋቤ ጥላ ሥር ይኖሩ ነበር። ጾሙ በተያዘበት በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤም በዚምባብዌ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ጠየቀ፤ በኮሌራና በእስር ስለሚሰቃየው ሕዝብ ከዚህ የጠነከረ ድምፅ መጠበቅ ግን ተገቢ ነበር።

እንዲህ ያለው ጾም የሠመረበት ጊዜም አለ። በ1994 ትራንስአፍሪካ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት መሪ ራንዳል ሮቢንሰን፣ ከሄይቲ ወታደራዊ ገዢዎች ሸሽተው በጀልባ የሚወጡ ስደተኞች የጥገኝነት ጥያቄያቸው ሳይሰማ ከባሕር ላይ ወደ መጡበት መመለሳቸውን በመቃወም በዋሽንግተን ለ27 ቀናት ጾሙ፤ ሜይ 8 ቀን ፕሬዚዳንት ክሊንተን የስደተኞቹ ጉዳይ እንዲታይ መወሰናቸውን ሲያስታውቁ ጾማቸውን ፈቱ። የሮቢንሰን ጾም የተጠየቀው ሰው፣ የተጠየቀው ውሳኔና የመወሰን ሥልጣኑ በአንድ ቢሮ ውስጥ የተገናኙበት ነበር። የናይዱ ጾም ግን ለአሥራ አምስት ያህል የሳድክ መንግሥታት በአንድ ላይ የቀረበ ስለነበር፣ እያንዳንዱ መሪ ኃላፊነቱን ወደ ጉባኤው ማሻገር ይችል ነበር።

የሳድክ ጉባኤ ጃንዋሪ 27 ቀን የጥምር መንግሥቱ በቶሎ እንዲመሠረት ወሰነ፤ ቻንጊራይ ፌብሩዋሪ 11 ቀን በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ፣ ሙጋቤ ግን በፕሬዚዳንትነታቸው፣ ጦሩና ደኅንነቱም በእጃቸው ቀጠሉ። ውሳኔው የጾሙ ፍሬ ነው ማለት አይቻልም፤ ሽምግልናው ከጾሙ በፊት ተጀምሯል፣ ውጤቱም ጾመኞቹ ከጠየቁት ያነሰ ነው። በሙኮኮ ላይ ቀርቦ የነበረው ክስ በተፈጸመባቸው ሰቆቃ ምክንያት በሴፕቴምበር 2009 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዘለቄታው ታገደ። ሙጋቤ ከሥልጣን የወረዱት በኖቬምበር 2017 ሲሆን፣ ያወረዳቸውም የገዛ ጦራቸው እንጂ ያ ጾም የተጠራባቸው ጎረቤት መሪዎች አልነበሩም።