«ዘራቸው ነው» የተባለው እግር

በጎጃም ወይም በወላይታ ገበያ የዋለ ሰው፣ ከጉልበት በታች እግሩ ያበጠና ቆዳው የሻከረ ገበሬ ሳያይ አይመለስም። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል። ወዲያው የሚከተለው ሹክሹክታ «ዘራቸው ነው» የሚል ነው። በዚህ ሹክሹክታ የተነሳ የታጨች ልጅ ቀርታለች፣ ተማሪ ደብተሩን ጥሏል፣ ለቀብር የሄደ ሰው ከሰው ርቆ ቆሟል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ በሽታ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት በኋላ በወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ላይ አለ።

እግር ለምን እንደሚያብጥ ለመረዳት ሰው ብዙም የማያወራለትን የሊምፍ ሥርዓት ማየት ያስፈልጋል። ደም በቀጫጭን ሥሮች ሲያልፍ ውኃና ጥቂት ፕሮቲን ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ይህን እየሰበሰቡ ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ቱቦዎች ናቸው፤ በቀን የሚመልሱት በሊትር የሚቆጠር ነው። ልብን የመሰለ ገፊ የላቸውም። ግድግዳቸው ራሱ እየተኮማተረ፣ ስንራመድ ደግሞ የባታችን ጡንቻ እየጨመቃቸው ፈሳሹን ሽቅብ ይወስዱታል፤ ወደ ታች እንዳይመለስ ቫልቭ አላቸው። ብሽሽት ሲደርስ ንፍፊቶቹ ያጣሩታል፣ ተሕዋስያንንም ይይዛሉ። በመጨረሻ በደረት ውስጥ በሚያልፍ ትልቅ ቱቦ አድርጎ ግራ አንገት ሥር ወዳለው የደም መላሽ ሥር ይገባል።

ይህ መንገድ ሲዘጋ ፈሳሹ ከነፕሮቲኑ ባለበት ይቀራል። መጀመሪያ ላይ እብጠቱ ሌሊት አርፎ ጠዋት ይጎድላል፤ ሰውም «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሲቆይ ግን ሥጋው ይጠጥራል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ በስንጥቁ ተሕዋስያን ይገባሉ። ያኔ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ይነሳል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሕመም የቀሩትን ቱቦዎች የበለጠ ይጎዳል።

መንገዱን የሚዘጋው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ለጡት ካንሰር ሲባል የብብት ንፍፊት የወጣላት ወይም ጨረር የተሰጣት ሴት ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላዎች ደግሞ በወባ ትንኝና በሌሎች ትንኞች የሚተላለፍ ትል ቱቦዎቹ ውስጥ ይኖራል። የደጋው ዝሆኔ መነሻ ግን ትልም ተሕዋስም አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ያስተዋለው፣ ሕሙማኑ የሚበዙት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍታ መሆኑን ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ ሊምፍ ውስጥ ይደርሳል፤ ሰውነት ሲቆጣበት ቱቦው ይጠባል፣ ይደፈናል።

ታዲያ አንድ ቀዬ ውስጥ ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ ለምን ጥቂቱ ብቻ ይታመማል? ሐሜተኞቹ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ሕሙማን ላይ ሠርተው በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ በሰውነት መከላከያ ሥራ ከሚሳተፉ ጂኖች ጋር ዝምድና እንዳለው አሳይቷል። ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው። ያው ጂን ያለው ልጅ እግሩ አፈር ካልነካ እግሩ አያብጥም። «ዘራቸው ነው» ብሎ ትዳር ከመከልከል ይልቅ ለልጁ ጫማ መግዛት ይበጀው ነበር፤ ሹክሹክታው ግን ቤተሰቡን አስፈርቶ በሽታውን አስደበቀው፣ የተደበቀ እግር ደግሞ አይታጠብም።

ጫማ ማደል ግን ብቻውን አያዋጣም። ገበሬ ጭቃ ውስጥ ሲያርስ ጫማው ይያዝበታል፤ አውልቆ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጠዋል። በረባሶና ክፍት ነጠላ ጫማም አፈር አያስቀሩም። በዚያ ላይ ንጹሕ ውኃ ከሩቅ የሚቀዳበት ቤት በየማታው እግር መታጠብ ቀላል አይደለም።

ሕክምናው ራሱ እስኪያስገርም ድረስ ተራ ነው። እግሩ በሳፋ ውኃና በሳሙና፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር፣ ይታጠባል። ከዚያ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ይዘፈዘፋል። ጣቶቹ መሃል በደንብ ይደርቃል፣ ቆዳው በቫዝሊን ይለሰልሳል፣ እግሩ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ማታ ከፍ ተደርጎ ያርፋል፣ ቀን በካልሲና በጫማ ይሸፈናል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህን ባደረጉት ሰዎች ላይ አልጋ ላይ የሚጥለው የትኩሳት ሕመም የሚነሳበት ጊዜ እንደሚያንስ አረጋግጧል። ሳሙናና ፋሻ መድኃኒት ስላልሆኑ ይመስለኛል፣ ትምህርቱም ቁሳቁሱም ጤና ጣቢያ ድረስ በወጉ የማይዘልቀው።

አንድ ችግር ደግሞ አለ። ገበያ ላይ ያለው ጫማ ለጤነኛ እግር የተሠራ ነው፤ በጣም ያበጠ እግር አይገባበትም። በወላይታ ሶዶ ለዚህ ሲባል የጫማ መሥሪያ ተቋቁሞ፣ ከሕሙማኑ መካከል ሙያውን የተማሩ ሰዎች ለሌሎች ሕሙማን ሰፋ ያለ ጫማ ይሰፉ ነበር።