ወረፋ የያዘው ጀሪካን

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ኮረብታማ ሰፈሮች ወደ አንዱ የዘለቅነው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነበር። በመስጂዱ አጥር ላይ፣ በመንገዱ በኩል ባለው ቦኖ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው ገና ቤት ናቸው። ሲሞላ ሃያ ኪሎ የሚያህለውን ይህን ዕቃ ዳገቱን ይዘው የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። አንዲት ተማሪ «የመስመሩ ውሃ በማይመጣበት ቀን ትምህርት ቤት አረፍዳለሁ» አለችን።

ከተማዋ ውሃ የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። አቃቂ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃው ሽቅብ የሚወጣው በፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እርሱም ይቆማል። ከፍታ ላይ ያለና የመስመሩ ጫፍ የሆነ ሰፈር ደግሞ መጨረሻ ይደርሰዋል። ፈረቃ የመጣውም እንዲህ ነው።

ፈረቃ ስንል የመዲናው የሩማ ጉድጓድ ትዝ አለን። ሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ) መጀመሪያ የገዙት ግማሹን ብቻ እንደነበር ይተረካል፤ አንዱ ቀን የእርሳቸው፣ ሌላው የባለቤቱ። ሰዉ በእርሳቸው ቀን የሁለት ቀኑን እየቀዳ ሲሄድ ባለቤቱ ገዢ አጣና ቀሪውንም ሸጠላቸው። በፈረቃው ቀን በርሜሉን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር ሞልቶ ለሚያድር የአዲስ አበባ ሰው ይህ ዘዴ ማብራሪያ አያሻውም።

ወደ ቦኖው እንመለስ። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ሰው ለሟች እናታቸው ሶደቃ ብለው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀዳበታል። ፓምፑ ሲቃጠል ግን ለወራት ደረቀ። ጉድጓድ ለማስቆፈር ሰጪ አይጠፋም፤ ለጥገናና ለመብራት የሚከፍል ነው የሚጠፋው። በጀሪካን ጥቂት ሳንቲም ይከፈል ሲባል አንድ ሽማግሌ «የአላህ ውሃ ይሸጣል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትርፍ ውሃን መሸጥ መከልከላቸውን ያውቃሉና ቁጣቸው መሠረት ነበረው። ኢማሙ ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች ክልከላውን በተፈጥሮ ምንጩ ላለ ውሃ እንደሚያደርጉት፣ ሰው ደክሞ በዕቃው የያዘውን ግን መሸጥ እንደሚፈቅዱ አስረዱ። እኛም ከኢማሙ ጋር ነን፤ የሚከፈለው ለፓምፑ ነው።

ሽማግሌው ተስማሙ፤ ግን መክፈል ያልቻለ በነጻ ይቅዳ፣ ስሙም አይጻፍ አሉ። ሒሳቡን ሁለት እናቶች ይይዛሉ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ከጁምዓ በኋላ ይነበባል።

ስንሰናበት ተማሪዋ ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አደረገች። «ዛሬ ስድስተኛ ነኝ» አለችን።