የማስታወቂያ ደላሎች ለድረ ገጽ ባለቤቶች ይሻማሉ፤ ለድሬዳዋ ምን ይደርሳታል?

በኢንተርኔት ማስታወቂያ ገበያ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት አይገናኙም። ማስታወቂያ አስነጋሪው ገንዘቡን ለደላላ ይከፍላል፤ ደላላው ማስታወቂያውን በሺህ በሚቆጠሩ ድረ ገጾች ላይ አውጥቶ ኮሚሽኑን ይቆርጥና ቀሪውን ለድረ ገጹ ባለቤት ይልካል። ለቀፊራና ለታይዋን ነጋዴ አሠራሩ እንግዳ አይደለም። እዚህ ግን ደላሎቹ የሚሻሙት ለሻጩ፣ ማለትም ለድረ ገጹ ባለቤት ነው። ታዲያ ከድሬዳዋ ሆኖ ዜና ወይም የሸቀጥ ዋጋ በድረ ገጽ የሚያወጣ ሰው ከየትኛው ደላላ ጋር ቢዋዋል ይሻለዋል?

ትልቁ ደላላ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው አድሴንስ ነው። ኩባንያው በ2010 ይፋ እንዳደረገው፣ አስነጋሪው ከሚከፍለው 100 ዶላር 68ቱ ለድረ ገጹ ባለቤት ይሄዳል። ከ2024 ወዲህ ድርሻው «80 በመቶ» ተብሏል። ነገር ግን 80 በመቶው የሚሰላው በገዢው በኩል ያለው ደላላ የራሱን ካነሳ በኋላ ነው። ማስታወቂያው በጉግል በኩል ከተገዛ ሁለቱም ደላሎች ራሱ ጉግል ስለሆኑ፣ ለባለቤቱ የሚተርፈው ያው ወደ 68 ዶላር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2025፣ ጉግል በድረ ገጽ ባለቤቶች በኩል ያለውን የማስታወቂያ ማስተናገጃና የጨረታ ገበያ በሕገ ወጥ መንገድ በሞኖፖል ይዟል ሲል ወስኗል።

ለድሬዳዋ ግን ከመቶኛው በፊት የቋንቋ ጉዳይ ይመጣል። አድሴንስ የሚቀበለው በዝርዝሩ የተመዘገቡ ቋንቋዎችን ብቻ ሲሆን፣ ከተማዋ የምትገበያይባቸው አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ለረጅም ዓመታት ከዝርዝሩ ውጪ ነበሩ። በሩ የተዘጋበት ባለ ድረ ገጽ እንደ ፕሮፔለር አድስና አድስቴራ ያሉትን ያንኳኳል። እነዚህ ቋንቋ አይመርጡም፤ የአድሴንስን የ100 ዶላር ወለል ሳይጠብቁ በጥቂት ዶላርም ይከፍላሉ። ዋጋውን የሚከፍለው አንባቢው ነው። ሳይጠይቅ ከጀርባ የሚከፈት ገጽና የቁማር ማስታወቂያ ይከተለዋል። የበርበሬ ዋጋ ፈልጎ የመጣ ነጋዴ ቁማር ቤት ከገባ ነገ አይመለስም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ገቢ ሳይሆን ደንበኛን መሸጥ ነው።

ሦስተኛው ተሻሚ ቴሌግራም ነው። ዕቃቸውን በቻናል ለሚሸጡ የአገራችን ነጋዴዎች ቅርብ የሆነው ይህ ኩባንያ፣ በ2024 ከ1,000 በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው 50 በመቶ ማካፈል ጀምሯል። ችግሩ ክፍያው ቶንኮይን በሚባል ክሪፕቶ መሆኑ ነው። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ገንዘቡን በባንክ ማውጣት ካልተቻለ የ50 በመቶው ጥቅም ምኑ ላይ ነው?

በባንክ የሚመጣው ዶላር ግን አጓጊ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 136 ዶላር በ57 ብር ሒሳብ 7,752 ብር ነበር፤ በ100 ብር ቢታሰብ እንኳ 13,600 ብር ይሆናል። ለስሌት ያህል አንድ ሺህ ዕይታ ከአስነጋሪው ግማሽ ዶላር ያስገኛል እንበል። የባለቤቱን 136 ዶላር ለማግኘት ከአስነጋሪው 200 ዶላር መምጣት ስላለበት፣ ገጹ 400,000 ጊዜ መታየት ይኖርበታል። ይህን ያህል ተመልካች በከተማ ዜና ብቻ በአንድ ወር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ያንኑ 13,600 ብር አንድ የከዚራ ሆቴልና ሁለት የመጋላ ነጋዴዎች ተካፍለው ለአንድ ወር ማስታወቂያ በቀጥታ ቢከፍሉስ? በመካከል ኮሚሽን የሚቆርጥ የለም፤ ዶላርም አይጠበቅም፤ ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ዕለቱን ይገባል። በእርግጥ የድረ ገጹ ባለቤት ሱቅ ለሱቅ መዞር ይኖርበታል። ነጋዴውም ገንዘቡን ከወጪ የሚይዘው ሕጋዊ ደረሰኝ ሲሰጠው ብቻ ነው፤ ያለ ንግድ ፈቃድ ደግሞ ደረሰኝ አይቆረጥም።