ለሕፃኑ አንባቢ የሚመጥን መጽሐፍ

በየአጥቢያውና በየፕሮጀክቱ ለሕፃናት መጽሐፍ ስናድል ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው ዕድሜያቸውን ነው። ይሁን እንጂ ሁለት የ7 ዓመት ልጆች እኩል ላያነቡ ይችላሉ። ከዐቅሙ በላይ የሆነ መጽሐፍ የተሰጠው ልጅ ሥዕሉን አገላብጦ ያስቀምጠዋል፤ ውሎ አድሮም «እኔ ንባብ አይሆንልኝም» ብሎ ያምናል።

ፊደል መቁጠር ብቻውን ማንበብ አይደለም። በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ አይለይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። «ስላልመጣችላቸው» የሚለውም አንድ ቃል ሆኖ ሳለ ብዙ ነገር ተሸክሟል። ስለዚህ ለጀማሪ በቤቱ የሚሰማቸው አጫጭር ቃላት፣ ጎላ ያለ ፊደልና ታሪኩን የሚገልጽ ሥዕል ያለበትን እንምረጥ። አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ከሆነ በዚያው ይጀምር።

መመዘኛው ቀላል ነው። ልጁ ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ባቃተው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይጠፍ።

ምንም ወይም 1 ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ቀላል ነው።
2 ወይም 3 ከሆነ ይመጥነዋል።
4 ከሆነ ረዳት ያሻዋል።
5 ከሆነ ለጊዜው ይቆየው።

ገጹ ጥቂት ቃላት ብቻ ካሉት ግን 2 ጣትም ብዙ ነው። ቀጥሎ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ይንገረን፤ መናገር ካልቻለ ቃሉን ጠራ እንጂ ታሪኩን አላገኘም።

ከባዱን መጽሐፍ አንንፈገው፤ እኛ እናንብብለት። ለራሱ ንባብ ስንመርጥለት ግን «ስንት ዓመትህ ነው?» ከማለታችን በፊት «እስቲ አንብብልን» እንበለው።