ዶሮዋ በእርግጥ ራሷን መሳቷን በምን እናውቃለን?

ወደ ሦስተኛ አገር ከሄዱት ወገኖቻችን መካከል በዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ተቀጥረው የሚሠሩ አሉ። በካምፕ ውስጥም ዶሮ አርደው በመሸጥ የሚተዳደሩ አሉ። ሁለቱም ሊመልሱት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዶሮዋ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከመነከሯ በፊት በእርግጥ ራሷን ስታለች ወይ የሚለው ነው። ስሜቷ ሳይጠፋ የተነከረች ዶሮ ከፍተኛ ሥቃይ ይደርስባታል።

የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ

በብዙ ፋብሪካዎች ዶሮዎቹ በእግራቸው ተንጠልጥለው ጭንቅላታቸው ኤሌክትሪክ በተለቀቀበት ውኃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ይታረዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1099/2009 እንደሚያዝዘው፣ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ከ200 ኸርዝ በታች ሲሆን ለአንድ ዶሮ በአማካይ 100 ሚሊ አምፔር፣ ከ200 እስከ 400 ሲሆን 150፣ ከዚያ በላይ እስከ 1500 ሲሆን ደግሞ 200 ሚሊ አምፔር ያስፈልጋል። ጊዜውም ከ4 ሰከንድ ማነስ የለበትም።

ይሁን እንጂ በመሣሪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ገንዳ ውስጥ ስለሚያልፉና የሰውነታቸው ሁኔታ ስለሚለያይ አንዷ ብዙ፣ ሌላዋ ጥቂት ኤሌክትሪክ ልታገኝ ትችላለች። አንገቷን ቀና በማድረግ ውኃውን ሳትነካ የምታልፍም አለች። ስለዚህ መመርመር ያለባት ዶሮዋ ራሷ ናት።

ራሷን አለመሳቷን የሚያሳዩ ምልክቶች

1. በእንቁላል መውጫዋ አካባቢ ሆዷ ከፍ ዝቅ እያለ መተንፈስ፣
2. ዓይኗን በራሷ ማርገብገብ፣
3. ዓይኗ በላባ ጫፍ ቀስ ተደርጎ ሲነካ መክደን፣
4. ድምፅ ማሰማት ወይም ጭንቅላቷን ቀና ማድረግ።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ወዲያውኑ እንደገና ማደንዘዝ ይገባል።

መንፈራገጥ ብዙዎችን ያሳስታል። ራሷን የሳተች ዶሮም ክንፏን ልታራግብ ትችላለች። በአንጻሩ በቂ ኤሌክትሪክ ያላገኘች ዶሮ ሰውነቷ ሽባ ሆኖ ጸጥ ብትልም ስሜቷ ላይጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከእንቅስቃሴዋ ይልቅ ትንፋሿንና ዓይኗን እንመልከት።

ሙስሊም ወገኖቻችን ስለ ማደንዘዝ ያላቸው አቋም አንድ ዓይነት አይደለም። ጨርሶ የማይቀበሉት አሉ። የሚቀበሉት ደግሞ ዶሮዋ ከመታረዷ በፊት እንዳትሞት፣ ባትታረድ ኖሮም የምትነቃ እንድትሆን ይጠይቃሉ።

በቢላዋ ብቻ ለሚያርዱ

እዚህም ምርመራው ያው ነው። ቢላዋው የተሳለ ይሁን፤ በአንገቷ ግራና ቀኝ ያሉት ትላልቅ የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ይቆረጡ። በእንግሊዝ አገር ደንብ መሠረት ሳትደነዝዝ የታረደች ዶሮ 90 ሰከንድ ሳይሞላ ወደሚቀጥለው ሥራ አትገባም። እኛም ደሙ በደንብ እስኪፈስ፣ ትንፋሿም እስኪቆም እንጠብቅ። ዓይኗን ነክተን እንዳልከደነች ሳናረጋግጥ ሙቅ ውኃ ውስጥ አንንከራት።