ሴትን እንደ ዕቃ መቍጠር ከቀድሞው ዘመን ብሷልን?

ከካርቱም ከተማ በስተደቡብ ባለው በጀብራ ሠፈር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ተነሣ ድረስ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩ ነበር። በካርቱም ጐዳና ዳር በርጩማ ደርድረው ሻይና ቡና የሚሸጡት ሴቶች በአገሩ ቋንቋ «ሲት አሻይ» ይባላሉ፤ ከነዚህም መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ሥራቸው ከሰል ማያያዝ፥ ዝንጅብል መውቀጥ፥ ስኒ ማጠብ ነው። ይሁን እንጂ ከደንበኛው መካከል ስኒውን ብቻ ሳይሆን ሻጪቱንም የገዛ የሚመስለው አይጠፋም።

«ዘመኑ ተበላሸ፤ ድሮ ሴት ትከበር ነበር» የሚሉ አሉ። ታሪክ ግን አይደግፋቸውም። በ1814 ዓ.ም. በሸንዲ ገበያ የሰነበተው የስዊስ ተጓዥ ቡርክሃርት፥ የሐበሻ ሴቶች በመልካቸው ተመርጠው እንደ ሸቀጥ እንደሚሸጡ ጽፎአል። በ1899 ዓ.ም. የእንግሊዝና የግብፅ ውል የባሪያን ንግድ በሱዳን ከለከለ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ነገር ግን መልኩ ሌላ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ በ152ኛው አንቀጹ ነውረኛ ልብስ የለበሰ ሰው እስከ 40 ጅራፍ እንዲገረፍ ፈቀደ፤ ነውሩ ምን እንደ ሆነ ስላልተገለጸ ፍርዱ በፖሊሱ ዐይን ላይ ወደቀ። በ2000 ዓ.ም. የካርቱም ገዥ ሴቶች በሆቴል፥ በምግብ ቤትና በነዳጅ ማደያ እንዳይሠሩ አዘዘ፤ ትእዛዙንም ፍርድ ቤት አገደው። በ2009 ዓ.ም. ጋዜጠኛዪቱ ሉብና ሑሴን ሱሪ በመልበስዋ ተከሰሰች። ሴትን ከክፉ ዐይን እጠብቃለሁ ያለው ሕግ፥ ራሱ ሴትን ከራስ ጠጕርዋ እስከ እግርዋ የሚመረምር ዐይን ሆነ።

ከሁሉም የከበደው የአንዲት የ18 ዓመት ኢትዮጵያዊት ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. በኦምዱርማን የሚከራይ ቤት ስትፈልግ ወደ ባዶ ቤት አግብተው በኅብረት ደፈሯት፤ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ድርጊቱን በፊልም አንሥተው በስልክ አሠራጩት። ፊልሙ ከታየ በኋላ ግን የታሰረችው እርስዋም ጭምር ነበረች፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. «የነውር ሥራ» ተብሎ ተፈረደባትና 5,000 የሱዳን ፓውንድ ተቀጣች። ስለ መግቢያ ፈቃድዋም ምርመራ ተከፍቶባት ስለ ነበር፥ የመደፈር አቤቱታዋን ማቅረብ አልቻለችም።

እንግዲህ ብሷልን? ምኞቱ አልባሰም፤ በሸንዲም የነበረ ነው። የባሰው መሥፋፋቱ ነው። ያን ጊዜ የተሸጠችውን ሴት ያየ በገበያው የቆመ ሰው ነው፤ የዚችን ልጅ መዋረድ ግን ከአገሩ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ በእጁ ይዞ አየው።

በ2015 ዓ.ም. የመደፈር ወንጀል በሕጉ ከዝሙት ተለየ፤ በኅዳር 2019 ዓ.ም. ደግሞ የካርቱም የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ተሻረ። ብዙም ሳይቈይ ጦርነቱ መጣ፤ ከካርቱም የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ተሻገሩ። በድንበር የሚቆም ሹም አስቀድሞ የሚጠይቀው ወረቀት ነው፤ የዚያችን ልጅ አቤቱታ የዘጋውም ይኸው ጥያቄ ነበር።